ተረከዝ

ሐይቁ ሲሸሽ ጊዜ ከወራሚት ዳርቻ፣
የተወው ጭቃ ነው፣ ጥቁር ዋልካ ብቻ፤
ፊቱ የደረቀ፣ ሆዱ ግን የራሰ፣
እምቦጭ በላዩ ላይ ደርቆ የፈረሰ።
እዚያ ነው ያወረድናት፣ ከባጃጅ ላይ ፈትተን፣
ባለ ስድስት እግሯን በገመድ ጎትተን፤
ጎማዋን ከዘይት ጣሳ የቆረጥን፣
ጥርሱን በብየዳ አንድ አንድ ያስቀመጥን።
«መንኮራኩር» አልናት፤ ስሙ ይበቃታል፣
ድሮ ለጋሪ ነው፣ ዛሬ ለሰማይ ሆኗል፤
ለእኛ ግን ሁለቱም እኩል ያስፈልጋል።

ሰምተናል፣ ማርስ ላይ አንዷ ሰምጣ ቀርታ፣
ልስልስ ያለ ዱቄት፣ አቧራ ውስጥ ገብታ።
ጎማዋ ይዞራል፣
ይዞራል፣
መሬቱ ግን እዚያው።
ሊጎትታት የሚሄድ በሬ የለ፣ ዘመድ የለ፣
ከዚህ የሚላክላት ምክር ብቻ አለ፤
ምክሩም እስኪደርሳት ደቂቃ ይፈጃል፣
እስከዚያ በያንዳንዱ ዙር ጉድጓዱ ይሰፋል።

ይዘንጋው አበጀ፣ ባሕር ሸሽ የሚዘራ፣
ሽንብራና ጓያ በዚያች ቁራሽ ስፍራ፣
ቆሞ ያየን ነበር፣ ሱሪውን አጥፎ፣
ጃንጥላውን ተክሎ በላዩ ተደግፎ።
«ምንድን ናት?» አለን።
«ሰው ባልረገጠው ምድር አፈር የምትመረምር።
አምስቱን ጎማዋን እናስረውና
አንዱን ብቻ እናዞራለን፣ መሬቱን ይፍቅና፤
ስንት እንደጠለቀ፣ ስንት ኃይል እንደጠየቀ፣
እሱ ነው የሚነግረን አፈሩ ምን እንደደበቀ።»

ጫማውን አወለቀ።
ተረከዙን ተከለ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፣
እንደ ብሎን ገባ፣ ቁርጭምጭሚቱ ተቀበረ።
ጥቂት ዝም ብሎ በእግሩ ሲያደምጥ፣
«እስከ ድንጋዩ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ነው የምትሰምጥ።»

እኛ የምንፈልገው ግን ቁጥር ነበር። ለቀቅናት።
ድንጋዩን አለፈች። አንድ ክንድ። ክንድ ተኩል።
ከዚያ ጎማዋ ዞረ፣
ዞረ፣
መሬቱ ግን እዚያው።
ሰንጠረዡ ይላል፦ «መንሸራተት፣ ዘጠና በመቶ።»
ከጎኑ በእርሳስ የኔ ጽሑፍ፦ «ይዘንጋው ቀድሞ አውቆ፣ ተረከዝ ከትቶ።»

ገመዱን ከእኛ ጋር ስቦ አወጣልን። ጭቃዋን በሣር ጠረገ፣
ዛሬ እንደ ተወለደች ጥጃ ሆዷን ዳበስ አደረገ።
«ታዲያ» አለ፣ «ያንን መሬት ማን ሊያርሰው ነው?»
እንየው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ላፕቶፑን ዘጋሁት፣
ፀሐይዋ ነው ብዬ ስክሪኑን የጋረደው።

በሐምሌ አረፈ። ሐይቁም ተመልሶ
ማሳውን ወሰደው፣ የጎማችንን ዱካ ልሶ።
ቀብሩ ላይ ዝናብ ነበር፤
ዋልካው ከአካፋው ላይ አልለቅ ብሎ ቀረ፣
ቆፋሪው በእግሩ ጠርጎ፣ እንደገና እየዛቀ፣ እየወረወረ።
ከኋላዬ አንዲት ሴት «አፈሩን ያቅልልለት» አለች፣
እንደሚባለው፣ ቀስ ብላ።
እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ የመጣልኝ ሂሳብ ነው፦
ማርስ ላይ አንድ አካፋ አፈር
የዚህኛው ሢሶ ቢሆን፣ ከሢሶም ጥቂት ቢያልፍ ነው ክብደቱ።
እዚያ በእርግጥ ይቀላል፤ ጸሎቱም ሳይደገም፣
በራሱ ይቀላል፣ ለማንም፤
ግን ከሥሩ የሚተኛ፣ ቅለቱን የሚያውቅለት የለም።

አሁን ኅዳር ነው። ሐይቁ መሸሽ ጀምሯል፣
ማሳውን ልጁ ትዘራዋለች ይባላል።
መንኮራኩሯ ዎርክሾፕ ውስጥ በጀርባዋ ተጋድማ
አምስት ጎማ አላት፣ በስድስተኛው ቦታ ሌላ ነገር፦
ጥርስ የሌለው፣ ጫፉ ክብ፣ ሰፋ ያለ ብረት፣
በዝግታ የሚወርድ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ የሚዞር።
«ይሄ ምን ይባላል?» አለኝ እንየው፣
ንድፉ ላይ ስም ሊጽፍ እርሳሱን እየቀረጸ።
ነገርኩት።
አማካሪያችን በቀይ ከሥሩ አሰመሩበት፣
«ትክክለኛ ሙያዊ ቃል ይፈለግ» ብለው።

አልፈለግንም።